ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ቅርንፉድ፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም… የቱ ይጠቅማል? መቼ?

ቆጪ32 ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም የጅማ ልጆች። ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን መንጋጋዬን ተነቀልኩ። የታችኛውን፣ በግራ በኩል ያለውን። ሁለት ወር ሙሉ ያዝ ለቀቅ ሲያደርገኝ ከርሞ ነበር። የነቀለኝ ሐኪም እጁ ቀላል ነው፤ ሲነቀል ምንም አልተሰማኝም። ግን ወረፋው ብዙ ነበርና ጎዝ አስነክሶ፣ ፓራሲታሞል ጽፎ፣ "አይዞሽ፣ ነገ ደህና ትሆኛለሽ" ብሎ ሸኘኝ። ምን ልብላ፣ ምን ልተው፣ መቼ ልጉመጥመጥ የሚለውን የነገረኝ የለም። እኔም ደንዝዤ ስለነበር አልጠየቅኩም።

አሁን ማደንዘዣው ለቆኛል። ይጠዘጥዘኛል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሐኪም ሆኗል። እቴቴ (አያቴ ናት) ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ወቅጣ በሲኒ ይዛ መጣች። ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቂው ትላለች። እናቴ ቅርንፉድ ንከሺበት ትላለች። ጎረቤታችን ጦስኝ አፍልታ በቴርሞስ ላከች። እሱን አንድ ጊዜ ተጉመጥምጬበታለሁ። ስተፋው ደም ቀላቅሎ ወጣና ደንግጬ ተውኩት።

እቴቴን ማስቀየም አልፈልግም። ስምንት ልጅ ያሳደገችው በዚሁ ቅጠል ነው። ቀዳዳ ውስጥ መጠቅጠቁን ግን ፈራሁ። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።


የአዌቱ ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ 2፡40

እግዜር ይማርሽ እህቴ። ስለሌላው አላውቅም። ነጭ ሽንኩርቱን ግን በፍጹም እንዳታደርጊው። የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም የላይኛውን ተነቅዬ ሌሊት ሲያመኝ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ድዴ ላይ ለጥፌ ተኛሁ። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ጠዋት በመስታወት ሳየው ድዴ ነጭ ሆኗል። በምላሴ ስነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፈፈ። የጥርሱን ሕመም ረስቼ የቃጠሎውን ሳስታምም ሁለት ሳምንት ሄደ። ጨው ያለበት ነገር መቅመስ አልቻልኩም።


መንጋጋ ፦ ማክሰኞ፣ 3፡05

ቆጪ32፣ አይዞሽ። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የተማርኩትም እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ አያትሽ ሲኒ ላይ ያለውን ነገር በየሳምንቱ አያለሁ። ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ሌሊቱን ይጠቅምሻል።

ጥርስ ሲነቀል ቀዳዳው በደም ይሞላል። ደሙ ይረጋል። አፍሽን ከፍተሽ ብታዪው ጥቁር ቀይ ነው፣ ቁራጭ ጉበት ይመስላል። ዛሬ ማታ ያለሽ ትልቁ መድኃኒት እሱ ነው። አጥንቱንና ነርቩን የሚሸፍነው እሱ ነው። አዲሱ ሥጋ የሚበቅለውም በእሱ ላይ ነው። ክንድሽ ላይ ያለ ቁስል ቅርፊት ይሠራል፤ አፍ ግን እርጥብ ስለሆነ ይህ የረጋ ደም ለስልሶ ይቆያል። በቀላሉ ይነቀላል። በኃይል ስትተፊ ይነቀላል። በመምጠጫ ስትጠጪ ይነቀላል። ጣት ሲነካው፣ ቅጠል ሲጠቀጠቅበት ይነቀላል።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ጥያቄው "የትኛው ቅጠል?" አይደለም። ምንም አይገባም። ጦስኝም፣ ጨውም፣ ቅርንፉድም። ምራቅሽን ዋጪው እንጂ አትትፊው። ምራቅሽ ትንሽ ቀላ ቢል አትደንግጪ፤ አንድ ጠብታ ደም ምራቅን ሁሉ ያቀላል። ትኩስ ነገር ዛሬ አይጠጣም። ስትተኚ ራስሽን በሁለት ትራስ ከፍ አድርጊ። ጉንጭሽ ላይ ከውጭ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ጨርቅ 15 ደቂቃ ያዥ፣ 15 ደቂቃ ተዪ።

ደሙ መንቆርቆር ከጀመረ ደግሞ አንድ የዕፅ መድኃኒት አለ፤ እኛም እንመክረዋለን። ሻይ። በከረጢት ያለውን ጥቁር ሻይ በሙቅ ውኃ ነክረሽ አቀዝቅዢው። ጨምቂውና በንጹሕ ጎዝ ጠቅልለሽ ቀዳዳው ላይ 20 ወይም 30 ደቂቃ ንከሺበት። አትልቀቂ፣ በየደቂቃው እያነሳሽ አትዪው። ሻይ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። አፍን ጭምድድ የሚያደርገው እሱ ነው፤ የደም ሥሩንም ያጠባል፣ ደሙንም ያረጋል። የውሽውሽ ሻይ ቤትሽ አይጠፋም መቼም።

ነጭ ሽንኩርቱን የአዌቱ ልጅ ነግሮሻል። እኔ የምጨምረው፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የደምን መርጋትም ያዘገያል። አስፕሪንም እንደዚሁ ነው፤ ለጥርስ ሕመም ብለሽ እንዳትውጪው። ድድ ላይ የሚያስቀምጡትም አሉ። እሱማ ያቃጥላል።


ቆጪ32 ፦ ማክሰኞ፣ 3፡20

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ በጦስኙ አንዴ ተጉመጥምጬ ተፍቻለሁ። ተበላሽቶ ይሆን?


መንጋጋ ፦ ማክሰኞ፣ 3፡24

አንድ ጊዜ ስለተጉመጠመጥሽ አለቀ ማለት አይደለም። ዛሬ ብቻ አትድገሚው። ነገ ከ4 ሰዓት በኋላ ትጀምሪያለሽ።


እናት ጂረን ፦ ረቡዕ፣ ከንጋቱ 1፡10

ልጄ፣ ምሕረቱን ያምጣልሽ። እኔ ስልሳ ዓመት አልፎኛል። ይህንን ስልክ የልጅ ልጄ ናት ያስተማረችኝ። ሐኪሙ የጻፈውን አነበብኩት፤ እውነቱን ነው። ግን አንድ ነገር ልበል። ቅጠል የሚያውቁት የድሮዎቹ እናቶችም ቀዳዳ ውስጥ አይጠቀጥቁም ነበር። እናቴ ጂረን ላይ ለሰፈሩ ሁሉ ቅጠል ትሰጥ ነበር። ጥርስ የተነቀለ ሰው ሲመጣባት የመጀመሪያውን ቀን "አፍህን ዝጋና ተኛ" ነው የምትለው። በማግስቱ ጨው በለብ ያለ ውኃ። በሦስተኛው ቀን ጦስኝ፤ እሱም አፍልታ፣ በነጠላ አጥልላ፣ አቀዝቅዛ። ቅንጣት ቅጠል እንዳይኖርበት ታጠልለው ነበር። ይህ መጠቅጠቅ የመጣው በኋላ ነው፤ የሚሰማ ሰው ሲያጣ፣ የሚያውቀውም ሲያልቅ።

እቴቴሽን አታሳዝኛት። ጤና አዳሙን ቡናሽ ላይ ታድርግልሽ፣ ሲበርድልሽ ትጠጪዋለሽ። አጥሚት ሥሪልኝ በያት። ሥራ ስትሰጫት ሲኒውን ትተወዋለች።


ቆጪ32 ፦ ረቡዕ፣ 1፡50

እማማ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ። እውነት ብለዋል፤ አጥሚት በያት ያሉኝን አደረግኩ፤ አሁን ማድ ቤት ናት። ሌሊቱ ደህና ነበር። ደሙም ቆሟል።


የሊሙ ሰው ፦ ረቡዕ፣ 4፡30

እኛ አገር ጥርስ ሲያም የሂዲ ፍሬ (እምቧይ የምትሉት) ፍም ላይ አድርገን ጭሱን በአፍ እንታጠናለን። ትሉ ይወርዳል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ውኃው ላይ ነጫጭ ትል ተንሳፍፎ። ሐኪም ይህን አያምንም። ግን ለምን ሁሌ የእኛ ነገር ነው ውሸት የሚሆነው?


መንጋጋ ፦ ረቡዕ፣ 7፡00

ወንድሜ የሊሙ ሰው፣ የምሳ ሰዓቴ ነው፤ በደንብ ልመልስልህ። ያየኸውን አይተሃል። ነጭ ነገር ተንሳፍፏል። ግን የወረደው ከጥርሱ አይደለም። ፍሬው በሙቀት ሲፈነዳ ከውስጡ የሚወጣው ነው። ልታረጋግጥ ከፈለግክ ማንም ሰው ሳይታጠን ፍሬውን ብቻ ፍም ላይ አድርግና ከጎኑ ውኃ አስቀምጥ። ጥርስን የሚበላው ባክቴሪያ ነው። ስኳር በልቶ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱ ጥርሱን ይቦረቡረዋል። ቀዳዳ ስለሚመስል ነው ትል ቦረቦረው የተባለው። በብዙ አገር ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ይታመን ነበር፣ ጅማ ብቻ አይደለም።

የእናንተ ነገር ውሸት ነው አላልኩም። ታች ስለ ቅርንፉድ ስጽፍ ታያለህ። እምቧይ ግን መርዝ አለው። ቀዳዳው ክፍት በሆነ ሰው ላይ ጭሱም ሙቀቱም ጉዳት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ነው። አንዳንዱ ጥርሱን ይነቅልልኛል ብሎ ያንጠባጥበዋል። ሥጋውን ይበላዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ማየት እስከማሳጣት ይደርሳል። ይህንን እባካችሁ ለጎረቤት ሁሉ ንገሩ።


ቅመም መርካቶ ፦ ረቡዕ፣ 8፡20

ሂርማታ መርካቶ ቅመም ነው የምሸጠው። ቅርንፉድ ለወጥና ለሻይ የሚገዛ ብዙ ነው። ጉንጩን ይዞ የሚመጣም ግን አይጠፋም። ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ጥሩ ቅርንፉድ ራሱ አልረገፈም፤ አራት ጥርስ ይዛ ክብ ራስ አለችው። በጥፍርህ ግንዱን ስትጫነው ዘይቱ ብቅ ይላል፣ ጥፍርህ ይሸታል። ደርቆ የሚሰበረው ዘይቱ አልቋል፤ ለምንም አይሆን። ሁለተኛ፣ የተፈጨውን አትግዙ። ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ኮረሪማው የራሳችን ጫካ ነው፣ እርዱም ከቴፒ ይመጣል። ቅርንፉድ ግን ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ የአበባ እምቡጥ ነው፤ ቆይቶ የሚደርቅ ብዙ ነው።

ደንበኞቼ የሚያደርጉት፣ አንዱን ፍሬ ለብ ባለ ውኃ አለስልሰው በጉንጭና በድድ መካከል ይይዙታል። ዶክተር፣ ይህ ልክ ነው?


መንጋጋ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ከቀዳዳው ራቅ ብሎ እስከሆነ ድረስ፣ ከሁለተኛው ቀን በኋላ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ሲያቃጥል ይወጣል። ዱቄቱ ቀዳዳው ውስጥ እንዳይገባ። እርድም እንዲሁ፤ ወጥ ላይ ደስ ይላል፣ ቀዳዳ ውስጥ ግን ዱቄት ዱቄት ነው፣ እንደ ምግብ ፍርፋሪ ተወትፎ ይቀራል።

ቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ዘይት አለ። ከቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው እሱ ነው። ነርቭን ያደነዝዛል፣ ባክቴሪያንም ያዳክማል። የጥርስ ሐኪሞች ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ክሊኒክ ስትገቡ የሚሸታችሁ ያ "የጥርስ ሐኪም ሽታ" ምን ይመስላችኋል? ቅርንፉድ ነው። የሊሙ ሰው፣ ለአንተ ያልኩህ ይህን ነው።

ግን በጠርሙስ የሚሸጠውን የቅርንፉድ ዘይት እንዳለ ድድ ላይ አታፍስሱ። ጠንካራ ነው፣ ያቃጥላል። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ሕፃን ጥቂት ቢጠጣው እንኳ ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል።


ሐናን ቦሳ ፦ ረቡዕ፣ 2፡10

ዶክተር፣ እኔ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከአራት ቀን በፊት ተነቅዬ እስካሁን ትንሽ ያመኛል። ጤና አዳም በቡና ጠጪ ብለውኛል። እህቴ ደግሞ አይቡፕሮፌን ሰጠችኝ፣ አልዋጥኩትም። ምን ላድርግ?


መንጋጋ ፦ ረቡዕ፣ 2፡18

ሐናን፣ እንኳን አልዋጥሽው። ከአምስት ወር በኋላ አይቡፕሮፌን ለጽንሱ ጥሩ አይደለም፤ ኩላሊቱንም ልቡንም ይነካል። ፓራሲታሞል በልኩ ውሰጂ። ጤና አዳምንም ለመድኃኒት ብለሽ እየጨመቅሽ አትጠጪ፤ ማሕፀንን ያነሳሳል። የሚያስፈልግሽ ለብ ያለ ጨው ውኃ ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከምግብ በኋላ። ሕመሙ እየቀነሰ ከሆነ መልካም። እየጨመረ ከሆነ ግን የነቀለሽ ጋ ተመለሺና እርጉዝ መሆንሽን አስቀድመሽ ንገሪ።


እናት ጂረን ፦ ረቡዕ፣ 2፡45

እውነት ነው ልጄ ሐናን። ጤና አዳም ለእርጉዝ አይሰጥም። እናቴም ትከለክል ነበር። ቅድም ለቆጪዋ ልጅ ስጽፍ ይህን አብሬ መጻፍ ነበረብኝ። አላህ በሰላም ያገላግልሽ።


ልጅ ፈረንጅ አራዳ ፦ ሐሙስ፣ 5፡00

እኔም በሚቀጥለው ረቡዕ የታችኛውን መንጋጋ ልነቀል ቀጠሮ ይዣለሁ። በግልጽ ልጠይቅ፤ በርጫ (ጫት መቃም) በስንተኛው ቀን ይቻላል? ሲጋራስ?


የአዌቱ ልጅ ፦ ሐሙስ፣ 5፡15

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ደብቆ ነው የሚቅመው፣ ከዚያ ሲያመው ሐኪሙን ይወቅሳል። እኔ በአራተኛው ቀን ጀምሬ ቅጠሉ ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ በመርፌ ነው ያወጡልኝ።


መንጋጋ ፦ ሐሙስ፣ 7፡10

ጫት ሦስት ነገር ያደርጋል። ቅጠሉ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። አፍን ያደርቃል፤ ምራቅ ሲቀንስ ደግሞ ቁስሉ በቶሎ አይድንም። አብሮት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ነገርና ሲጋራው ይጨመርበታል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ተወው፤ ሁለት ቢሆን ይሻላል። ሲጋራ ከሁሉም የከፋ ነው። መሳቡ ራሱ የረጋውን ደም ይነቅለዋል፣ ኒኮቲኑ ደግሞ የደም ሥሩን ያጠባል። ቢያንስ ሦስት ቀን እንኳ ብትታገሥ ብዙ ትተርፋለህ። ደሙ ተነቅሎበት በሦስተኛው ቀን ላይ የሚመጣውን ሕመም ያየ ሰው ሲጋራ አያምረውም።

ስኳር ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ይህን ውይይት እያነበበ ከሆነ ደግሞ ለእሱ ሌላ ነው። ከመነቀሉ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቱንም በራሱ አያቋርጥ።


ቆጪ32 ፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡40

ዶክተር፣ ይቅርታ ዛሬም አስቸገርኩ። ረቡዕና ሐሙስ ደህና ነበርኩ። በጨው ውኃ በዝግታ ተጉመጠመጥኩ፤ አጥሚት፣ እርጎ፣ አቮካዶ በማንኪያ እየበላሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ሕመሙ ተመለሰ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም ለካ። ጆሮዬ ድረስ ይወጋኛል። ግማሽ ራሴን ይዞኛል። አፌ መጥፎ ጣዕም አለው፤ ሽታውን ለራሴም ይሰማኛል። ፓራሲታሞል ሁለት ጊዜ ወሰድኩ፣ አላስታገሰልኝም። በስልኬ መብራት ሳየው ያ ጉበት የመሰለው የለም። ባዶ ጉድጓድ ነው። ከታች ግራጫ ነገር ይታያል።

እቴቴ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። ዝም ብላ እጄን ይዛለች። ሲኒውን አላመጣችም።


መንጋጋ ፦ ዓርብ፣ 3፡52

የገለጽሽው ድራይ ሶኬት የምንለውን ይመስላል። የረጋው ደም ሲጠፋ አጥንቱና ነርቩ ይጋለጣል። ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው የሚመጣው፣ በታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ላይ ደግሞ ይበዛል። ግራጫው አጥንትሽ ነው። ያስፈራል እንጂ አይገድልም፤ ሕክምናውም አጭር ነው። በመጉመጥመጥሽ ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ሁሉን አድርጎ የተጠነቀቀ ሰውም ይይዘዋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ለሚወስዱ ሴቶችም ይበዛል።

ለዛሬ ሌሊት፦ ጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ከሌለብሽ፣ አለርጂም ካልሆነብሽ፣ አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ ከፓራሲታሞል ጋር መውሰድ ትችያለሽ፤ ሁለቱ አብረው የተሻለ ይሠራሉ። ፓራሲታሞሉ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ፤ 500 የሚለው ስምንት ፍሬ ማለት ነው። በለብ ያለ ጨው ውኃ ቀስ አድርገሽ እጠቢው። ቀዳዳውን በምንም አትቆርቁሪው።

ነገ ጠዋት የነቀለሽ ጋ ሂጂ። ቤት አትቆዪ። ዛሬ ሌሊት ግን ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍሽን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተሽ ነገን አትጠብቂ። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።


እናት ጂረን ፦ ዓርብ፣ 4፡15

ልጄ፣ እንቅልፍ እንዲወስድሽ እጸልያለሁ። ዶክተር የጻፈልሽን አድርጊ።


ቆጪ32 ፦ ቅዳሜ፣ 6፡30

ተመልሻለሁ። ነፍሴ መለስ አለች።

እቴቴ አልለይም ብላ አብራኝ ሄደች። ባጃጅ ውስጥ በየጉድጓዱ ስንናጥ ጉንጬን በነጠላዋ ደግፋ ነው የወሰደችኝ። ሐኪሙ ያው የነቀለኝ ነው። አይቶ ወዲያው አወቀው። በሲሪንጅ ለብ ያለ ፈሳሽ እየረጨ አጠበልኝ። ተወትፎ የነበረ ትንሽ የምግብ ፍርፋሪ ወጣ። ከዚያ ከአንዲት ትንሽ ዕቃ ቡናማ፣ ጭረት ጭረት ያለው ሊጥ የመሰለ ነገር በመቆንጠጫ አውጥቶ ቀዳዳው ላይ አኖረው። ለአንድ ደቂቃ አቃጠለኝ። ከዚያ ሕመሙ ከጆሮዬ ላይ እንደ ውኃ ወረደ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው እቴቴ አየሩን አሸተተች። "ቅርንፉድ ነው እኮ!" አለች ጮክ ብላ። ሐኪሙ ዞር አለና "አዎ እማማ፣ የቅርንፉድ ዘይት አለበት" አላት። ዕቃውን አመጣላት። አሸተተችው። እንደገና አሸተተችው። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ፣ "እኔ ነጭ ሽንኩርት ልጨምርባት ነበር" አለችው። እሱም አልሳቀባትም። ወንበር ስቦ ፊቷ ተቀመጠና ለምን ቀዳዳ ውስጥ ጥሬ ነገር እንደማይገባ፣ ጦስኙን በስንት ቀን እንደምትሰጠኝ አስረዳት። ማክሰኞ ለእኔ ያልነገረኝን ሁሉ ለእሷ ነገራት። የምትጠይቀውን ሁሉ ጠየቀችው።

ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሺ ብሎኛል፤ መድኃኒቱ ይቀየራል።


መንጋጋ ፦ ቅዳሜ፣ 7፡15

በጣም ደስ አለኝ። እኔም ከነገ ጀምሮ ከበሽተኛው ጋር የመጣውን ሰው አስገብቼ ነው የማስረዳው። ቤት ውስጥ ሲኒውን የሚይዘው እሱ ነውና።


ቆጪ32 ፦ ማክሰኞ፣ 12፡05

ትናንት መድኃኒቱን ቀየረልኝ። ሕመሙ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፣ ማስታገሻም አልወሰድኩም። እቴቴ ጦስኙን ታፈላለች፣ ታጠልላለች፣ በክርኗ ነክታ ሙቀቱን ለክታ ትሰጠኛለች። አፌን ደስ ይለዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ጠርዙ ላይ ነጭ ስስ ነገር አለ። መግል ነው? ልፋቀው?


መንጋጋ ፦ ማክሰኞ፣ 12፡20

አትንኪው። ካላመመሽ፣ ካልሸተተሽ፣ ካላበጠ መግል አይደለም። ቁስሉ ሲድን የሚለብሰው ነው። ስንቱ ሰው መግል መስሎት በጥርስ መጎርጎሪያ ፍቆ እንደገና ያደማዋል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ድዱ ይዘጋል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ለመሙላት ወራት ይፈልጋል። በዚያ በኩል ቆሎ አትቆርጥሚ ለጊዜው። ጦስኙ እንዳለ ይቀጥል፤ አያትሽ የምትሠራው ልክ ነው። ጥርስሽን መቦረሽ ግን አትተዪ፣ ቀዳዳውን ብቻ እያለፍሽ።


የሊሙ ሰው ፦ ማክሰኞ፣ 1፡30

ዶክተር፣ ያልከኝን ሞከርኩት። ማንም ሳይታጠን ፍሬውን ብቻ ፍም ላይ አድርጌ ውኃ ከጎኑ አስቀመጥኩ። ነጩ ነገር መጣ። ለአባቴም አሳየሁት። ብዙ ሰዓት ዝም አለ። ነገ ታናሽ ወንድሜን ይዤው ወደ ጅማ እመጣለሁ፣ የሚያመው ጥርስ አለው።


ልጅ ፈረንጅ አራዳ ፦ ማክሰኞ፣ 2፡00

ቀጠሮዬ ነገ 3 ሰዓት ነው። የሻይ ከረጢትና ጨው ገዝቻለሁ። እናቴ አጥሚት ለማታ ትሠራልኛለች። ሲጋራውን ዛሬ ጠዋት ለጓደኛዬ ሰጥቻለሁ። ሌላ የረሳሁት ነገር አለ?


መንጋጋ ፦ ማክሰኞ፣ 2፡06

ቁርስህን በልተህ ሂድ። ከማደንዘዣው በኋላ ለሰዓታት አትበላም፣ ባዶ ሆድህን ከሄድክ ያዞርሃል።